ስምንቱ ሰደርያዎች ጅቡቲ ደርሰው ሲመለሱ

ረቡዕ ከምሳ በኋላ እትዬ አስካለ ከቢሯቸው ወጡና የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ እስኪቆም ጠብቀው፣ «ታደለች፣ ነገ ጅቡቲ ትሄጃለሽ» አሉኝ። ልተክለው የያዝኩት የሸሚዝ ቁልፍ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ሥር ትንሽ ቆየሁ። ሰው ፊት እንዲያ መሳቅ ነውር ስለሆነ እዚያው ሥር ስቄ ጨርሼ ወጣሁ።

እትዬ አስካለ ናዝሬት የሚገኘው የልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር ናቸው። የከፍተኛችን የኪነት ቡድን ጅቡቲ ያሉ ኢትዮጵያውያን ጠርተውት ቅዳሜ ትርኢት ሊያሳይ ይሄዳል። የስምንቱን ወንድ ተወዛዋዦች ሰደርያ የሰፋነው እኛ ነን። ልብሱ ከከተማ ሲወጣ ደግሞ ከማኅበሩ አንድ ሰው አብሮ ይሄዳል፤ የሚተኩስ፣ የተቀደደ የሚጠግን። ተራው የቆራጩ ነበር፤ እግሩ አበጠ። ሌሎቹ ልጅ አላቸው። ልጅም ባልም የሌላት፣ ካውያ የምትችል እኔ ብቻ ሆንኩ።

እኛ ዘንድ ማዕረግ አለ። ከላይ ቆራጭ፣ ቀጥሎ ባለመኪና፣ ቀጥሎ ዘምዛሚ፣ ከሁሉ በታች ቁልፍ ተካይና ተኳሽ። እኔ ታች ነኝ። በአሥራ አራት ዓመቴ የገባሁ ቀን አንድ ጣሳ ሙሉ ቁልፍ ሰጥተውኝ «ባለሁለት ቀዳዳውን ከባለአራቱ ለዪ» ተባልኩ። ቀኑን ሙሉ ለየሁ። ወደ ማምሻው አንዷ ዘምዛሚ ስታልፍ ጣሳውን በእግሯ መትታ ደፋችውና እንደገና ጀመርኩ። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሦስት ዓመት ለትዝታ አይበቃም የሚል ካለ የተከልኩትን ቁልፍ ይቁጠርልኝ።

አራተኛዋ መኪና ባዶዋን ነበረች። ትሰፋባት የነበረችው ልጅ አግብታ መተሐራ ሄዳለች። እትዬ አስካለ ሰደርያዎቹን አንድ በአንድ ቆጥረው ሲያስረክቡኝ፣ «እንደሄዱ ከተመለሱ አራተኛዋ መኪና ያንቺ ናት» አሉ።

«ካልተመለሱስ፣ እትዬ?»

«የሚተከል ቁልፍ መች ጠፋ» ብለው ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ሐሙስ በባቡር ተነሳን። የሁላችንም የይለፍ ፈቃድ አንድ ወረቀት ላይ ነው የተጻፈው። ወረቀቱን የቡድኑ መሪ ጓድ በቀለ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘውታል። ባቡሩ በተንገጫገጨ ቁጥር ኪሳቸውን ዳበስ ያደርጋሉ። ከጎኔ የተቀመጠችው ተወዛዋዧ ጫልቱ፣ የሠፈሬ ልጅ፣ «ልባቸውን የሚያማቸው መስሎኝ ውሃ ልሰጣቸው ነበር» አለችኝ።

ድሬዳዋ አደርን። በማግስቱ ድንበር ላይ ፈታሹ ካርቶኔን አስከፈተና ካውያዬን አገኘ። የከሰል ካውያ ነው፣ ከባድ። ግራና ቀኝ እያገላበጠ፣ «ውስጡ ምን አለ?» አለ።

«አመድ።»

«ክፈቺው።»

«ጋሼ፣ ነፋስ አለ» አልኩት።

«ክፈቺው አልኩሽ።»

ከፈትኩት። ነፋሱም መጣ። ነጭ ሸሚዙ ከአንገቱ እስከ ቀበቶው ግራጫ ሆነ፣ ቅንድቡም እንዲሁ። ጓድ በቀለ ኪሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሰውየው ግን ቅንድቡን ጠረገና፣ «በዚያ አገር ሙቀት ካውያ ምን ያደርግልሻል? ልብሱን አውጥተሽ ፀሐይ ላይ ብታሰጪው ይተኩስልሽ የለ» ብሎ አሳለፈን።

እውነቱን ነው። ጅቡቲ ስንወርድ አየሩ የተከፈተ ምድጃ ነው የሚመስለው። ያረፍነው ወይዘሮ ዘይነባ የሚባሉ የድሬዳዋ ሴት ቤት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጫልቱና እኔ ባሕር ሄድን። ሶደሬ ገንዳ ውስጥ ዋኝተን ስለምናውቅ ዋናተኛ ነን ብለን ነበር። የመጀመሪያው ማዕበል እኔን ቁጭ አደረገኝ፣ የጫልቱን አንድ ጫማ ይዞ ሄደ። ጫልቱ ወገቧን ይዛ ባሕሩን አየችውና፣ «ሌላውንስ ለምን ተውክልኝ?» ብላ ሁለተኛውንም ወረወረችለት። ከዚያ እንደ ክንድ የሚረዝም ዳቦ ገዝተን፣ ጫልቱ በባዶ እግሯ እየነጠረች፣ ትኩሱን ከጫፉ እየገመጥን ተመለስን። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከወይዘሮ ዘይነባ ከሰል ለምኜ ካውያዬን አጋልኩ። የእኛ አተኳኮስ የታወቀ ነው፤ ውሃ በአፍ ይያዛል፣ ጨርቁ ላይ እፍ ተብሎ ይረጫል፣ ካውያው ይከተላል። በጣት የሚረጭ ሰው እኛ ዘንድ ገና ጀማሪ ነው። ከቧንቧው በኩባያ ቀድቼ ጀመርኩ። ውሃው ጨው ጨው አለኝ። ባሕር ገብቼ ስለነበር ከንፈሬ ላይ የቀረ ነው አልኩ። ሙቀቱ ጨርቁን ወዲያው ስለሚያደርቀው ደጋግሜ ረጨሁ። ስምንቱንም ጨርሼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩና ተቀምጬ ተመለከትኳቸው። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ፣ ስለት የመሰለ መስመር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጫልቱ ገብታ ቆመች።

«ታደሉ፣ ይሄ ነጭ ነገር ጥለት ነው?»

ዞሬ አየሁ። በስምንቱም ደረት ላይ ነጭ ነጭ ካርታ ወጥቷል። በብሩሽ ጠረግኩት፣ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ።

ወይዘሮ ዘይነባ በድምፃችን መጡና ኩባያውን አዩ። «ልጄ፣ በቧንቧው ውሃ ነው እንዴ የተኮስሽው? እኛ እኮ እሱን ለዕቃ ማጠቢያ ነው የምናደርገው። ጨው ነው። የሚጠጣው ማሰሮው ውስጥ ነው ያለው።» ማሰሮውን ከፍተን አየን። ለሁላችን መጠጫም አይበቃም። ቢበቃስ፣ እርጭቱ ቶሎ ይደርቃል እንጂ እስከ ገበሩ የራሰ ሱፍ በሦስት ሰዓት ታጥቦ አይደርቅም። ትርኢቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ያቺ አራተኛዋ መኪና ከፊቴ ስትሄድ ታየችኝ። አለቀስኩ ብል ማጋነን ነው፤ ግን አፍንጫዬን ሁለት ጊዜ ጠርጌያለሁ።

አንዱን ሰደርያ አውርጄ ገለበጥኩት። ገበሩ ቀይ ሳቲን ነው። ለበዓል ሰንደቅ ተገዝቶ የተረፈ ነበርና ሌላ ስላልነበረን በእሱ ነው የገበርነው። ሙሉ ገበር ስለሆነ ስፌቱ አይታይም፣ ዳርና ዳሩም ንጹሕ ነው። ውስጡን ወደ ውጭ አድርጎ ለመልበስ የሚከለክለው ቁልፉ ብቻ ነው። ቁልፉ ደግሞ የኔ ሥራ ነው።

«ጫልቱ፣ ክር ታስገቢልኛለሽ?»

«ስንት?»

«አርባ ቁልፍ።»

«ማል ታቴ? ምን ሆነች? ይቺ ልጅ ፀሐይ መታት» እያለች መርፌውን ተቀበለችኝ።

አርባውን ቆርጬ አርባውን በቀዩ በኩል ተከልኩ። ተወዛዋዦቹ በር ላይ በሸሚዝ ቆመው «ደረሰ?» ይሉኛል፤ ክሩን በጥርሴ እንደያዝኩ የቀረውን ቁልፍ በጣቴ ቆጥሬ አሳያቸዋለሁ። የመጨረሻዋን ክር የትርኢቱ አዳራሽ ጓዳ ውስጥ ስበጥስ ከበሮው ተጀምሮ ነበር። የተገለበጠ ሰደርያ ግራው ቀኝ ስለሚሆን ስምንቱም ጎረምሶች እንደ ሴት ቆለፉ። ይህን ከኔ በቀር ያየ ሰው የለም። ልብስ ሰፊ ካልሆኑ አያዩትም።

ቀይ ለብሰው ሲወጡ ጓድ በቀለ ከመጋረጃው ኋላ ክንዴን ያዙ። «ይሄን ማን ፈቀደ?» ወዲያው አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የጋበዙን ሰዎች አለቃ መጥተው፣ «ጓድ፣ ቀዩ በጣም አብዮታዊ ነው» አሏቸው። ጓድ በቀለ ክንዴን ለቀቁ። «በዕቅድ የተያዘ ነው» አሉ።

እሑድ ባቡር ላይ ጫልቱ፣ «በቃ፣ ዕቅድ ነው በያቸው። እሳቸው ራሳቸው ብለውታል፣ አንቺ ምን አገባሽ» አለችኝ። እስከ ናዝሬት ድረስ አሰብኩበት። ጥሩ ምክር ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ጓድ በቀለ ቀደም ብለው ደውለዋል። እትዬ አስካለ ፈገግ ብለው፣ «ቀዩን ማን አሰበው?» አሉኝ። አንዱን ሰደርያ ቀዩን ወደ ላይ አድርጌ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ገለበጥኩና ነጩን ካርታ አሳየኋቸው። መኪናዎቹ ሁሉ ቆሙ።

ጨርቁን አንስተው በምላሳቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ጨው።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«በአፍሽ ነው የረጨሽው?»

«አዎ።»

«ታዲያ አፍሽ አልነገረሽም?»

«ነግሮኝ ነበር። ከባሕሩ መስሎኝ ነው።»

ከኋላዬ ዘምዛሚዎቹ ሲስቁ ይሰማኛል። እትዬ አስካለ አልሳቁም። «እጠቢያቸው። ቁልፉንም ወደ ቦታው መልሺ» አሉኝ።

ስምንቱን በናዝሬት ውሃ ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩ። ጥላ ሥር አደረቅኩ። አርባውን ቁልፍ ለሦስተኛ ጊዜ ተከልኩ። ዓርብ ዕለት ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኳቸው። አንድ በአንድ አዩ፤ ኪሱን፣ ብብቱን፣ አንገቱን። መጨረሻ ላይ «እንደሄዱ ተመልሰዋል። ትንሽ ዘገዩ እንጂ» አሉና ተነስተው የአራተኛዋን መኪና ልባስ ገፈፉልኝ።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩት አንድ ነው። በማታውቁት አገር ውሃ ስትተኩሱ መጀመሪያ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞክሩ፣ ሲደርቅም እዩት።

አሁን የቁልፍ ተካይና የተኳሽ ቦታ ክፍት ነው። ሥራውን መማር የምትፈልጉ የናዝሬት ልጃገረዶች ሰኞ ጠዋት ማኅበራችን ድረስ ኑ። መርፌ እንሰጣለን። እኔ አራተኛዋ መኪና ላይ ነኝ፤ ካውያውን አሳያችኋለሁ።