የትርንጎ አንጓና እኔ ያስጻፍኩት ቀን

የዚህ ጉዞ ሰዎች እነዚህ ናቸው፦ ቀኝ እጇ የተሰበረው ልጄ ትርንጎ፣ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ፤ የሰፈራችን ወጌሻ አያ ደሴ፤ ባሕር ዳር ሆስፒታል ውስጥ የበሽታ መለያ ቁጥር የምትጽፈው ወጣት ሰላም፤ እኔ አባትየው፣ ጥፋተኛው።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ወረታ

የምንሄደው ሪፈር ተጽፎልን ነው። ትርንጎ የመስኖ ቦይ ስትሻገር አዳልጧት በመዳፏ ከወደቀች ሃያ ሁለት ቀን ሆኗታል። ሽንኩርታችን የሚነሣበት ሳምንት ስለነበር ቅርብ የነበረው አያ ደሴ ዘንድ ወሰድኳት። አሽቶ በሽመል አሰረው። አንጓዋ ግን እንደ ማጭድ ጎበጠ።

ወረታ ጤና ጣቢያ "መቼ ወደቀች?" ሲሉኝ "ትላንት" አልኩ። በእድር ስብሰባ "ስብራት ይዛችሁ ወጌሻ ዘንድ አትሂዱ" እያልኩ ሰው የምገሥጽ እኔ ነኝ፤ አፈርኩ። ማሰሪያውን ቀድሜ ፈትቼዋለሁ። ትርንጎም እንደኔ እንድትል አዘዝኳት።

ለሁለታችን አራት መቶ ብር ከፍለን ሚኒባስ ተሳፈርን። የጉማራን ድልድይ ስናልፍ ሜዳው ደርቆ፣ የሽንኩርት ጆንያ መንገድ ዳር ተደርድሮ ነበር። እኔ የማየው ጣቶቿን ነው። ሐሙሲት ላይ የተሳፈሩ እናት ዶሯቸውን እግራቸው ሥር አድርገው፣

"ልጅቱ ምን ሆና ነው?" አሉ።

"ትላንት ወድቃ።"

እጇን ገልጠው አዩት። "የማሰሪያው መስመር ቆዳዋ ላይ ታትሞ? የናንተ አገር ትላንት ረጅም ነው።"

ሰው ሳቀ። ትርንጎ በነጠላዋ ሸፈነችው።

ረፋድ፣ ባሕር ዳር

ራጅ ተነሣች። የጤና መድን ቅጹ ላይ መለያ ቁጥሩ ሳይሞላ ጀሶ ክፍል አንገባም ተባልንና ሰላም ፊት ተቀመጥን። ወረቀቶቹን አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

"ጋሼ፣ መቼ ነው የወደቀችው?"

"ትላንት።"

"ትላንት ከሆነ በኤስ ፊደል የሚጀምረውን ቁጥር እጽፋለሁ፤ የትኩስ ስብራት ነው። የራጁ ንባብ ግን አጥንቱ ጠምሞ መግጠም ጀምሯል ይላል። የዚያ ቁጥር በኤም ይጀምራል። ትኩሱን ጎትተው ጀሶ ያደርጉታል፤ ይኼ ግን በጉተታ ብቻ አይቃናም። የቱን ልጻፍ?"

"የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ የመሰለሽን ጻፊ።"

"የመሰለኝን አልጽፍም። እርስዎ የሚያውቁትን ነው የምጽፈው።"

ትርንጎ መሬት መሬቱን እያየች፣

"አባዬ፣ እጁ እኮ የኔ ነው" አለች።

"ሃያ ሁለት ቀኗ ነው" አልኩ። "ወጌሻ አሽቶታል።"

ሰላም አልገሠጸችኝም። ብዕሯን አስቀምጣ ወረቀቱን ሐኪሙ ዘንድ መልሳ ወሰደች። ብትገሥጸኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙ "አጥንቱ ገና ለጋ ነው፤ በማደንዘዣ አስተኝተን እናቃናዋለን" አለ።

"ፈተናዋስ?"

"ጀሶው ስድስት ሳምንት ይቆያል።"

ፈተናው ከአራት ሳምንት በኋላ ነው፤ ካለፋት የሚቀጥለው ለከርሞ ነው። በወደቀች ቀን አምጥቻት ቢሆን ጀሶው እስከዚያ ይፈታ ነበር።

ሐሙስ፣ መልስ

እጇ ተቃንቶ ጀሶ ተደረገላት፤ ሁለት ሌሊት አድረን ተመለስን። ትርንጎ የሚኒባሱ መስኮት አቧራ ላይ በግራ ጣቷ ስሟን ለመጻፍ ሞከረች፤ ተንጋደደባት፤ አጠፋችው። ይቅርታ ጠየቅኋት። በአባትነቴ የመጀመሪያዬ ነው።

አያ ደሴ ሲሰማ "እኔ የማየው ቆዳውን ነው፣ ውስጡን መች አየሁት" ብሎ የከፈልኩትን ሦስት መቶ ብር መለሰ፤ ከእንግዲህም አንጓ እንደማይነካ ነገረኝ። እሑድ በእድሩ ስብሰባ ተነሥቼ ሁሉን ተናገርኩ። ሰው ቢያፍር ማፈር ያለበት በመዋሸቱ እንጂ በመሳሳቱ አይደለም፤ ይህን ስመክር ኖሬ የተማርኩት ግን አሁን ነው።

ለመኪና ስምንት መቶ፣ ለአልጋና ለምግብ አሥራ ሰባት መቶ፣ ውጭ ለተገዛ መድኃኒት ስድስት መቶ፤ አያ ደሴ ያጣው ሦስት መቶ ሲጨመር ሦስት ሺህ አራት መቶ ብር። ከትርንጎ ደግሞ አንድ ዓመት።