ባሌን ለበር ያዘጋጀሁበት ክረምት

ያን ክረምት ሳስታውስ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ድካሙ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከኋላ ይከተላል። ባሌ ጠጠር የሞላ ስልቻ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የእሱም ሥራ የእኔም ሥራ በእኔ ላይ ወድቆ ነበር። ላም አልባለሁ፣ ኩበት እጠፈጥፋለሁ፣ ገብስ አርማለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ። ጎረቤቶቻችን እንኳ አላስቀመጡኝም። «ባልሽ ምን ሆኖ ነው እንደ አህያ ተጭኖ የሚሮጠው?» ይሉኛል። «ስለት አለበት» እላለሁ። ምን ልበል?

ነገሩ ግን ስለት አልነበረም። የምንኖርበት መሬት ከመዘዞ ወዲህ ባለው ደጋ ላይ ያለ የዘበኛ መሬት ነው። ግብሩ የሚከፈለው በሰው ነበር። ከቤቱ አንድ ወንድ አንኮበር ወጥቶ የጌታችንን የንጉሡን ግምጃ ቤት በር ይጠብቃል፣ በዚያ ምትክ እኛ መሬቱን እናርሳለን። የሚቆም ሰው ከጠፋ መሬቱ ይነቀልና ለሌላ ይሰጣል። የባሌ አባት ከጎልማሳነታቸው ጀምረው ቆመዋል። በዚያ ዓመት ግን ጉልበታቸው ከዳቸው፤ አንድ ቀን ከበሩ ደረጃ ላይ ወድቀው በሰው ትከሻ መጡ። ብዙ ሳይቆይ የዘበኞቹ አለቃ ላከብን፦ «በመስቀል ማግሥት ልጅህን አምጣና ይፈተን። ካለፈ ይተካሃል። ካላለፈ መሬት የሚፈልግ ሞልቷል።»

ውሸት አልነበረም። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ካዘነበሉ ወዲህ አንኮበር ሰው ቢሳሳበትም መሬት ፈላጊው አልሳሳም። ጦርና ጋሻ ይዞ የሚዞር ሥራ ፈት ወታደር በየደጁ ነበር።

አማቴ ልጃቸውን ራሳቸው ሊያዘጋጁት ተነሡ። ጠዋት ጠዋት ባናቸውን ተከናንበው ከደጃችን ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ባሌን ጋሻ አስይዘው ያቆሙታል። ክንድ ተዘርግቶ፣ ጋሻው ከደረት ርቆ፣ ዓይን ፊት ለፊት ተተክሎ ነው የሚቆመው። ጥላው በእግር ተለክቶ እስኪያጥር ድረስ መንቀሳቀስ የለም። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ይመጣና ይውጠዋል። ጉሙ ሲገፈፍ ባሌ እዚያው ቆሟል፤ ጢሙ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«ክንዱ ወርዷል» ይላሉ አማቴ።

«አልወረደም፣ አባባ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ወርዷል።»

በእውነት ወርዶ ነበር። እኔም አይቻለሁ፤ ግን ደክሞኝ ነበር፣ የሱ ክንድ ሲወርድ የእኔም ልብ አብሮ ይወርዳል።

ጉልበቱ ግን ቀስ በቀስ መጣ። እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፣ የእኛም እንቁላል ነሐሴ ላይ እግር አወጣ። ስልቻውን ተሸክሞ ከወንዙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሳያርፍ ይወጣ ጀመር። ያስቸገረን ሌላው ነው፤ ቃል መያዝ።

የበር ጠባቂ ሥራ መቆም ብቻ አይደለም። ከውስጥ የሚነገረውን ወደ ውጭ ያደርሳል። ፈተናው ላይ አለቃው አንድ ቃል አንዴ ብቻ ይነግርሃል፤ ይዘህ ትወርድና ለታዘዝክለት ሰው ሳትጨምር ሳትቀንስ ትናገራለህ። የጌታ ቃል የያዘ ሰው ለማንም አይጎነበስም፤ ተነሥቶ ሸማውን እስከ ወገቡ የሚያወርደው የሚሰማው ሰው ነው። ከዚያ አለቃው ይወርድና ሰሚውን «ምን ቃል መጣልህ?» ብሎ ይጠይቃል። የጎደለ ከተገኘ ጉልበትህ ዋጋ የለውም።

ይህን ማስጠናት የእኔ ድርሻ ሆነ። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ከልጅነቴ ጀምሮ ተማሪ ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ ሲቀጽል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ የሰማሁትን አልረሳም። አንድ ቃል እነግረዋለሁ፣ የገብሱን ማሳ ዞሮ ይመጣል፣ ለአባቱ ይናገራል። መልካም ቃል ከሆነ አንድም አይጎድልበት! «በሬዎቹ ደርሰዋል፣ ማሩም ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ቢባል እንደ ውዳሴ ማርያም ያንበለብለዋል። ክፉ ቃል ሲሆን ግን እንደ ቅቤ ይቀልጥበታል። «ነገ ካላመጣህ በሰንሰለት አስርሃለሁ» ብዬ የላክሁት፣ ማሳውን ዞሮ ሲመጣ፣ «ነገ ቢቻል ቢያመጡ ደግ ነው ተብለዋል» ይሆናል።

«ሰንሰለቱስ የት ሄደ?» እላለሁ።

«ረሳሁት።»

አልረሳውም። ባሌ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነበር፤ ለዚያውም በአባቱ ፊት። ወድጄ ያገባሁትም ለዚህ ነው፤ ያን ክረምት ግን ይህንኑ ጠባዩን ጠላሁት። ጭቃ ውስጥ ስለምውል፣ ወገቤ ስለሚቆረጥ፣ ምሕረት አልነበረኝም።

«ስደበኝ!» አሉት አንድ ቀን አማቴ፣ ዱላቸውን መሬት እየመቱ። «ፊቴን እያየህ ስደበኝ! እኔ አባትህ አይደለሁም፣ ዕዳውን ያልከፈለ ባለ ዕዳ ነኝ!»

ባሌ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ከዚያ «አባባ፣ ብርድ ገባዎት፤ ወደ ውስጥ ይግቡ» አለ።

ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። የያዝኩትን እንስራ አስቀመጥኩና ከፊታቸው ቆሜ፣ «አንተ ሽማግሌ! ነገ ካላመጣህ በሰንሰለት አስሬ እንደ ውሻ አስጎትትሃለሁ!» ብዬ ጮኽሁ። ውሻውን ከራሴ ነው የጨመርኩት። ተናግሬ ስጨርስ ደነገጥኩ፤ ለአማት እንዲህ የሚል አፍ ይበጠሳል። አማቴ ግን እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ምነው እሷን ባቆምን!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ የዚህ ቤት ሚስት ግን ባሏን ታስጥላለች።»

ባሌም አብሮ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ወደ ጓዳ ጎትቼ ወስጄው፣ «ስማኝ» አልኩት። «ቃሉ የአንተ አይደለም። አንተ አፍ ብቻ ነህ። ውሃ የሚያመጣ እንስራ ውሃው መረረ ብሎ ይደፋዋል?» አቀርቅሮ ሰማኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ተሻለው። በመጨረሻ «ሰንሰለት» የሚለውን ቃል ሳይደናቀፍ ይናገር ጀመር፣ ድምፁ ቢቀጥንም። እኔም ይበቃል አልኩ። ከዚያ በላይ አቅም አልነበረኝም።

የመስቀል ዕለት ደመራው ሳይጠፋ ተነሣን። አማቴን በውሰት በቅሎ ላይ አስቀመጥናቸው። ይቅሩ ብንላቸው «በሩን ሳልሰናበት?» ብለው አሻፈረኝ አሉ። አንኮበር ስንደርስ ሌሎች አራት ተፈታኞች ቀድመውን ደርሰዋል። አንደኛው ገና አለቃውን እጅ ሳይነሳ ስለ መሬታችን ይጠይቅ ነበር፤ ስንት ጥማድ እንደሚያሳርስ፣ ውሃው ቅርብ ይሁን ሩቅ። በጆሮዬ ሰማሁት።

በማግሥቱ ባሌ መቆሙን ቆመ። ከአራቱ አንዱ ክንዱ ዝሎ ጋሻውን ጣለ፣ የእኛ ግን ጥላው እስኪያጥር አልነቃነቀም። ከዚያ ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ቁልቁል ሰደዷቸውና ከነጋዴ የተራገፈ አሞሌ ጨው እያሸከሙ ወደ ላይ አስሮጧቸው። ፈተናውም ተፈተነ፣ የአለቃው ጨውም ያለ ኪራይ ወጣ። ባሌ ሁለተኛ ሆኖ ደረሰ። ከንፈሩ ነጥቷል። ውሃ ላቀብለው ስጠጋ «ወዲያ!» ብለው መለሱኝ።

የቀረው ቃሉ ነበር። እኔ ከሴቶች ጋር በታችኛው በር አጥር ሥር ቆሜያለሁ። አማቴ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከድሮ ባልንጀሮቻቸው ጋር ይጨዋወታሉ። ሌሎቹ ተፈታኞች ቃላቸውን ለማያውቁት ሰው አደረሱ፤ አንዱ ለሸክላ ሻጭ፣ ሌላው ለአንድ ዲያቆን። የባሌ ተራ ሲደርስ አለቃው ከላይኛው በር ሆኖ ቁልቁል ተመለከተና አማቴን በጣቱ አሳየው። ተንኮል ይሁን ስንፍና ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ቃሉን በባሌ ጆሮ ነገረው።

ባሌ ሲወርድ ፊቱን አየሁት፤ ደም አልነበረበትም። ጋሻውን ይዞ ከአባቱ ፊት ቆመ። አልጎነበሰም፣ እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር። አማቴም እያቃሰቱ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ፣ ሸማቸውን እስከ ወገባቸው አወረዱ፤ ለጌታ ቃል ደንቡ ነውና። ያረጀ ደረታቸውን በቀን ብርሃን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ጌታዬ…» አለ ባሌ። ቆመ። «ደክመዋል ይላሉ። መሬቱ… የሚቆም ሰው ይፈልጋል ይላሉ።»

ከዚያ በኋላ የለም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ክረምቱን ሙሉ ያስጠናሁት፣ ዳገቱ፣ ጭቃው፣ በወጉ ያልታረመው ገብሳችን፣ ሁሉም እዚያ አፉ ላይ ደርቆ ቀረ። ሮጬ ሄጄ እኔ ልናገርለት ፈለግሁ። የተባለውን ግን አላውቅም።

አማቴ ልጃቸውን ለአፍታ ተመለከቱት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እኔ ካለሁበት በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ፣ «ይበቃል። ጋሻህን አታውርድ» አሉት።

አለቃው ወርዶ መጣ። «ምን ቃል መጣልህ?» አላቸው።

አማቴ ቀና አሉ። ከዚያ እንደ ወጣት ዘበኛ በጠራ ድምፅ፣ «ቃሉ እንዲህ ይላል» አሉ። «ጉልበትህ ከድቶሃል፣ ጋሻህ ወርዷል። እንጀራዬን ለማይቆም ሰው አልሰጥም። መሬቱን ለሌላ ሰጥቻለሁ። በነገው ፀሐይ ከቤቴ ውጣ፤ እህል አትጫን፣ ከብት አትንዳ፣ ወደ ኋላህም አትይ።»

አለቃው ባሌን አየው፣ አማቴን አየ። «አንድም አልጎደለ» አለ። «ይተካ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም አልኩ። የቄስ ልጅ ነኝ፣ ሐሰት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እልልታዬ ግን ከሁሉም በላይ ነበር።

ስንመለስ ባሌ በቅሎዋን እየሳበ ከፊት ሄደ፣ አንዴም ዞር አላለም። እኔ ከአማቴ ጎን እሄዳለሁ። መጨረሻ ላይ መቻል አቃተኝና፣ «አባባ፣ እሱ ያልነገረዎትን ከየት አወቁት?» አልኳቸው።

«ያ ቃል አይለወጥም፣ ልጄ» አሉኝ። «የሚነቀል ሰው ሁሉ የሚሰማው እሱኑ ነው። ስንት ደጅ እንዳደረስኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አንድም ቀን አንድ ቃል አላጎደልኩም።» ሸማቸውን ሳብ አድርገው ተከናነቡ። «እንዲህ እንደሚበርድ ግን አላውቅም ነበር።»

ባሌ በሩን ያዘ። መሬቱ ጸና። ገብሱ በዚያ ዓመት ብዙም አልያዘም፣ በሚቀጥለው ግን ጎተራው ሞላ። ባሌ በየተራው አንኮበር ይወጣል፣ ተራው ሲያልቅ ይመለሳል። ስለዚያ ቀን አንዳችን ለአንዳችን ተናግረን አናውቅም።

በሁለተኛው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም፣ ከአንኮበር ሲመለስ ከወትሮው አርፍዶ መጣ። በደብረ ብርሃን በኩል ዞሮ እንደመጣ ነገረኝ። እዚያ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ መሬቷ እንደኛው የዘበኛ መሬት ነው፣ የሚቆምላት ወንድ ግን አላገኘችም። ቃሉን እንዲያደርስላት የታዘዘው እሱ ነው።

እግሩን እያጠብኩት ነበር። አማቴ ከመደቡ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ።

«ነገርካት?» አልኩት።

«ነገርኳት።»

«ሁሉንም?»

«ከብት አትንጂ፣ ወደ ኋላሽም አትይ እስከሚለው ድረስ። አንድም ቃል አላጎደልኩም።» ድምፁ አልቀጠነም። እንደ ማንኛውም ዘበኛ ድምፅ ነበር።

አማቴ ዱላቸውን ይዘው ተነሡና ወደ ደጅ ወጡ። እኔ የባሌን እግር በእጄ እንደያዝኩ በዓይኔ ላይ የመጣው ጎተራችን ነበር፤ የሴትዮዋ ፊት አልመጣልኝም። «እሰይ፣ ጎበዝ» አልኩት።