አዞ ያልሆነው

ያን ቀን የአንኮበር ጉም እስከ ቀትር አልተገፈፈም። ለቁፋሮ ሠራተኞች ምግብ የምታበስለው ሥርጉት ሻይ ይዛ ወደ ድንኳኑ ስትገባ፣ ቁፋሮውን የሚመሩት ሽማግሌ ተመራማሪ እንደ ልማዳቸው ተንበርክከው ድንጋይ የሆነውን አጥንት በጥርስ ብሩሽ ይጠርጉ ነበር። የሹራባቸው ክርን ተጥፏል። በፌስታል የተጠቀለለች መጽሐፋቸው ከጎናቸው አትጠፋም። በወጣትነታቸው ያገኙትን አንድ መንጋጋ ብቻ አይተው እንስሳውን አዞ ነው ብለው የጻፉባት፣ ሠላሳ ዓመትም ያስተማሩባት እሷ ናት። ዘንድሮ ግን የዚያው እንስሳ ሁለት ሙሉ አጽም ወጣ።

«ጋሼ፣ ሻይዎ ሊቀዘቅዝ ነው።»

«ተይው። ነይ እግሩን እዪው። አዞ እግሩን ወደ ጎን ነው የሚዘረጋው። ይሄ እንደ በግ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር።»

«ታዲያ አዞ አይደለማ።»

«አይደለም። ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ በሌላ ስም ስጠራው ኖርኩ።»

የሚቆጡ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን አጥንቱ የሚቀመጥበት ካርቶን ላይ «አዞ» የሚለውን ሰርዘው፣ «ስሙ ገና አልታወቀም» ብለው ጻፉና እንደ ልጅ ሳቁ። ሥርጉት ተራራው እንኳ ገና ሳይፈጠር እዚያ ቆሞ የነበረውን እንስሳ እያየች፣ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች።

ዛሬ ሽማግሌው ደብረ ብርሃን ውስጥ በተከራዩት አንድ ክፍል ተቀምጠው፣ መጽሐፋቸውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው እያረሙ ነው።