ያው ቦርድ፣ ሌላ ቺፕ፦ ከቡራዩ ሰበታ፣ ከሰበታ ሱሉልታ

ጠዋት፣ ቡራዩ

ከቤት የወጣሁት ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ላፕቶፔ፣ መዳፍ የምታክል አንዲት ኮምፒውተርና የጣት ጥፍር የምታክል ሚሞሪ ካርድ ነበሩ። የምሠራበት ትንሽ ድርጅት የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ይገጣጥማል። ሙቀቱን እየለካች ማሞቂያውን የምታበራውና የምታጠፋው ይህች በአንድ ቦርድ ላይ ያለቀች ኮምፒውተር ናት። በሰበታዋ ደንበኛችን በወይዘሮ ዘይነባ ማሽን ላይ የነበረው ቦርድ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ። ማሽኑ ደግሞ ሊፈለፈል የተቃረበ እንቁላል ሞልቶበታል።

"አዲሱን ቦርድ ታስሪያለሽ፣ ካርዱን ትሰኪያለሽ፣ ትመለሻለሽ" አለኝ አለቃዬ።

እኛ ጋ አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ጊዜ በደንብ የሠራ ካርድ እንይዛለን፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ማሽን ሁሉ እሱኑ እንገለብጣለን፤ ፊልም በፍላሽ እንደሚቀዳው። ካርዱ ጤነኛ ከሆነ ቦርዱን ማን ይጠይቃል? አዲሱም በስሙ፣ በቅርፁ፣ በብሎን ቀዳዳው ሳይቀር ያው ነበር።

ከአየር ጤና የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ረዳት ገና ሳንንቀሳቀስ "ዓለም ገና ድረስ ነው፤ ሰበታ አልገባም!" ብሎ አወጀ።

"ትናንት ገብተህ የለም ወይ?" አሉት አንዲት እናት።

"ትናንትማ መስታወት ነበረኝ፣ ማዘር" አለና በላስቲክ የተሸፈነውን መስኮት አሳያቸው። ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ስለሚያሰፋው ማስተር ፕላን፣ ስለ መሬቱ፣ ስለ ታሰሩት ልጆች የሚያወራ አልነበረም። ሁሉም መንገድ መንገዱን ያያል። ከዓለም ገና ወዲያ በባጃጅ፣ ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ። አስፋልቱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ሽቦው ብቻ ቀርቶ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ረፋድ፣ ሰበታ

ወይዘሮ ዘይነባ ከመርካቶ ወደ ሰበታ የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው በግርግሩ ከተዘጋ ወዲህ ያላቸውን ሁሉ እዚህ እንቁላል ላይ አውለውታል። ሳሎኑ ውስጥ ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር ማሽኑን ከብበው አገኘኋቸው። ማሞቂያውን በቀጥታ ከመብራት ጋር አያይዘው፣ ቴርሞሜትር እያዩ በእጃቸው ያበራሉ፣ ያጠፋሉ።

"እሰይ፣ ሐኪማችን መጣች! ልጄ፣ ዓይናችን ፈሰሰ እኮ" አሉኝ።

ቦርዱን አሰርኩ፤ ካርዱን ሰካሁ። ቀዩ መብራት በራ። አረንጓዴው ግን ብልጭ አላለም። ስክሪኑ ላይ እንደ ቀስተ ደመና ያለ ቀለም መጥቶ እዚያው ቀረ። አውጥቼ መለስኩ፤ አሁንም ያው ነው። በመጨረሻ ቦርዱን ወደ መስኮቱ ወስጄ ቺፑ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ከተቃጠለው ጋር አስተያየሁት። ቁጥሩ የተለየ ነው። ፋብሪካው ስሙን ሳይለውጥ ቺፑን ለውጦታል፤ ካርዳችን ላይ ያለው አሮጌ ሲስተም ደግሞ አዲሱን ቺፕ አያውቀውም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ አዲስ ሲስተም ከኢንተርኔት ማውረድ። ኢንተርኔት ግን የለም። ዳታ ከተቋረጠ ሰንብቷል፤ ቢሯችንም የሚጠቀመው በዚያው በሞባይል መስመር ነው። የሚሠራው ስልክ መደወል ብቻ ነበር። አለቃዬ ጋ ደወልኩ።

"አሮጌው ቦርድ ከገበያ ጠፍቷል" አለኝ። መዝገቡን ሲያገላብጥ ተሰማኝና፣ "ቆይ፣ የሱሉልታው ደንበኛችን ኦቦ ገመቹ! የእሳቸው ካርድ ከኛ የተገለበጠ አይደለም። አቅራቢው ራሱ ከቦርዱ ጋር የላከው አዲስ ነው።"

ወይዘሮ ዘይነባ ሲሰሙ ነበር። "ሂጂ" አሉኝ። "እኛ እስክትመለሺ እንጠብቀዋለን። ብቻ ቶሎ በይ።"

ከሰዓት፣ ሱሉልታ

ወደ ከተማ ተመልሼ ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ መኪና ያዝኩ። እንጦጦን ስናልፍ ብርዱ ተቀበለን። ኬላው ላይ ሁላችንንም አስወርደው ፈተሹን። አንድ ወታደር ቦርዱን አገላብጦ አየው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የ… የእንቁላል መፈልፈያ ኮምፒውተር" አልኩ።

"ኮምፒውተር ታቅፋለች ነው የምትዪኝ?" ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ ቦርዱን ብቻ ነበር የማየው። ቢወስደው ሌላ የለንም። ከብዙ ማሽኮርመም በኋላ መለሰልኝ።

ሱሉልታ ሜዳው ረጥቧል፤ የሣር ክምሩ ጥቁር ብሏል። ኦቦ ገመቹ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"አካም ኦልቴ፣ ኢንተላ ኮ! እንዴት ዋልሽ፣ ልጄ!" አሉ። "ዛሬ እንኳን ሰው መጣ።"

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ካርዱን ለመገልበጥ ግን የእርሳቸው ማሽን መጥፋት እንዳለበት መናገር አቃተኝ። ውስጡ እንቁላል አለ።

"ምን ታፍሪያለሽ? ጨርሺው።"

ጨረስኩት። እርሳቸው የእንቁላሉን ሳጥን በመዳፋቸው ነካ ነካ አደረጉና፣ "የኔው ገና ሳምንቱ ነው። የሴትዮዋ ሊወጣ ነው አልሽኝ። ዶሮም እኮ እንቁላሏን ትታ እህል ለመልቀም ትነሳለች" አሉ። የራሳቸውን ቡልኮ አምጥተው ማሽኑን ሸፈኑትና ሶኬቱን ነቀሉት።

ገልብጬ ስጨርስ የእርሳቸውን አስነሳሁ፤ ቀጥሎ አዲሱን ቦርድ ሞከርኩ። አረንጓዴው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። "ጋሪዳ! ጥሩ ነው!" ብለው አጨበጨቡልኝ። ያን ቀን የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ምሽት፣ ወደ ቡራዩ

አዲሱ ገበያ ስደርስ ወይዘሮ ዘይነባ ደወሉ።

"ልጄ፣ እንዳትመጪ። ዓለም ገና ላይ መንገዱ ተዘግቷል፤ ተኩስ ነበር።"

"እንቁላሉስ፣ እማማ?"

"ሲተኩሱ ልጆቹን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ወለሉ ላይ ተኝተን ነበር።" ድምፃቸው ደከመ። "ማሞቂያው በርቶ ቀረ።"

እርሳቸው ናቸው "አይዞሽ" ያሉኝ።

በአስኮ በኩል ቡራዩ ገባሁ። ሱቆቹ ተዘግተዋል፤ ሰው በየበሩ ቆሞ ያዳምጣል። ቤቴ ገብቼ ቦርሳዬን ሳልፈታ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ካርድ ብቻ ይዤ አልወጣም። ቦርዱን ከነካርዱ ቢሮ አስነስቼ፣ የቺፑን ቁጥር አንብቤ ነው የምሄደው፤ ስሙንና ቅርፁን አላምንም። ወይዘሮ ዘይነባ ጋ የሄድኩት መንገዱ ሲከፈት ነው። እንቁላሉን ጓሮ ቀብረውታል፤ ከሁሉም አንድ እንኳ አልተፈለፈለም። እንደዚያም ሆኖ "ስከፍል የሚሠራ ማሽን ነው የገዛሁት፤ አስነሺልኝ" አሉኝ። ቦርዱን አሰርኩ፤ ሲስተሙ ወዲያው ተነሣ። ማሞቂያው በራ፣ ጠፋ፣ በራ። ሠላሳ ሰባት ነጥብ አምስት ዲግሪን ሳያዛንፍ ያዘ። አራታችንም ቆመን ባዶውን ሳጥን ሲያሞቅ አየነው።