የረቡዕ ጉርሻ

ልጅ ሳለሁ የተረት ርዝመት የሚለካው በከሰል ነበር። አብነት ሰፈር፣ ግቢያችን በር ላይ ትንሽ ሱቅ የነበራቸው ልብስ ሰፊው ጋሽ ሰይድ በከሰል የሚሠራ ትልቅ ካውያ ነበራቸው፤ አመሻሽ ላይ የቀኑን ስፌት ጨርሰው ሱሪ ሊተኩሱ ሲነሡ እኔ ዩኒፎርሜን እንኳ ሳልቀይር በርጩማ ላይ ቁጭ እላለሁ። ፍሙ እስኪከስም ያወሩልኛል፤ ካውያው ሲቀዘቅዝ ተረቱም የትም ይድረስ የት ይቆማል። እኔም አላርፍ ብዬ በካርቶን ቁራጭ ሳርገበግብ አመሻለሁ። «አንቺ ልጅ፣ የሰው ሱሪ ልታስፈጂኝ ነው» ይሉኛል እንጂ አይከለክሉኝም። መብራት የጠፋ ዕለት ፋኖሱን ከስፌት መኪናው ላይ ይሰቅሉታል፤ ያኔ ደስታዬ እጥፍ ይሆናል።

ጋሽ ሰይድ ከወሎ የመጡ ሙስሊም ናቸው፤ እኛ ደግሞ ልደታ ማርያምን ሳንሳለም የማንውል ቤተሰብ ነን። ከሥጋ በቀር የሚለያየን ነገር አልነበረም። ለፋሲካ አባቴ ለእሳቸው አንድ በግ ለይቶ ያቆይና ራሳቸው ያርዱታል፤ እሳቸውም እራታቸው ከቤት ሲመጣላቸው ሥጋ ካለበት ክዳኑን ሳይከፍቱ ለእኔ ቴምር ይሰጡኛል።

በኋላ ጊዜው ከፋ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ወዲህ ወጣቶች ከየሰፈሩ ይታፈሱ ነበር። ከክፍለ ሀገር ደግሞ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፣ እዚያ መስጊድ ተቃጠለ የሚል ወሬ ይመጣል። አብረው ያረጁ ጎረቤታሞች ሰላምታ ላይ እንኳ ይጠነቀቁ ጀመር።

በዚያ ሰሞን አንድ ረቡዕ፣ ንጉሥ መሬት ላይ የሚያርፍ ጥላዬ ተቀዷል ብሎ እንዲሰፋለት ስላዘዘው ልብስ ሰፊ እያወሩልኝ ሳለ አንድ ደንበኛ ጠራቸውና ሱሪ ሊያደርሱ ወጡ። እራታቸው ተከድኖ ተቀምጧል። እርቦኝ ነበር፤ ክዳኑን ገለጥኩና አንድ ቁራጭ ሥጋ ጎረስኩ። ደገምኩም። ቤት ስገባ እናቴ እጄን አሸተተችና ክው አለች፤ ጾም ከመግደፌ በላይ የእስላም ሥጋ መሆኑ ነው ያስደነገጣት። ማን እንደሰጠኝ ስትጠይቀኝ ምላሴ አልዘገየም። «ጋሽ ሰይድ አጎረሱኝ» አልኩ።

አባቴ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራ ስለነበር ሌላውን ወገን ሳይሰማ አይፈርድም። እጄን ይዞ ሱቁ ድረስ ወሰደኝ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ልጅቷን ሥጋ አጉርሰዋታል?»

ጋሽ ሰይድ መጀመሪያ ሳህኑን አዩ፤ ቀጥሎ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። አባቴ ቀበቶው ቅርብ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«አዎ ጋሽ መኮንን፣ እኔ ነኝ ያጎረስኳት። ወሬ ይዞኝ ረስቼ ነው። እሷን እንዳይነኳት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁን እንዳልረግጥ ተከለከልኩ። ወሬው ከግቢያችን ወጥቶ «ሕፃን ሊያሰልም» የሚል ሆነ። ደንበኞች ያልተሰፋ ጨርቃቸውን ሳይቀር እየወሰዱ ሄዱ፤ አንድ ጠዋት የሱቁ መስታወት በድንጋይ ተሰብሮ ተገኘ። በአንድ ቃል ላስቆመው እችል ነበር። ፈራሁና ዝም አልኩ፤ እስካሁን ያሳፍረኛል።

የግንቦት ልደታ ዕለት ጎረቤቱ እንደ ልማዱ ደጅ ወጥቶ እሳት አንድዶ ንፍሮ ቀቀለ። ንፍሮ እስላም ክርስቲያን አይልም፤ በየዓመቱ ሽምብራውን የሚያዋጡት ራሳቸው ጋሽ ሰይድ ነበሩ። በዚያ ዓመት ግን የጠራቸው ሰው አልነበረም። አባቴ ብዙ ከተቁነጠነጠ በኋላ ተነሣና ለእኔ አንድ ሳህን ንፍሮ አስያዘኝ፤ እሱ በአካፋ ፍም ዝቆ ሰዉ ሁሉ እያየን ወደ ሱቁ ሄድን። ቀዝቅዞ የከረመውን ካውያ ከፍቶ ፍሙን ጨመረበት።

«የሰው ልጅ ይረሳል፤ ይቅር ብለናል» አለ። «ልጅቷ ተረቱን ሳትጨርስ ቀርታለች፤ ይጨርሱላት።»

ጋሽ ሰይድ ከንፍሮው ዘግነው ለእኔም ሰጡኝና ዝቅ ብለው «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ። የተረቱ ልብስ ሰፊ ንጉሡን ፀሐይ ላይ አቁሞ ዝም ብሎ እስኪመሽ አስጠበቀው፤ ሲመሽ ቀዳዳውም ጥላውም የለም። አባቴ በሩን ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ጋሽ ሰይድን ይዞ ሲመለስ ጎረቤቱ ቦታ ለቀቀለት፣ ለእሳቸውም።

ዘንድሮ የመጀመሪያ ልቦለዴ ታተመ። በዚያ ዘመን ስላደገች ልጅ ነው፤ ሥጋውን ራሷ ሰርቃ ትበላና በልብስ ሰፊው ታሳብባለች። ለአባቴ በአፌ መንገር ያቃተኝን በመጽሐፍ ነገርኩት ማለት ነው። አንብቦ ሲጨርስ ሁለት ቀን አኮረፈኝ፤ በሦስተኛው መጽሐፉን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ «ተነሺ» አለኝ።

ጋሽ ሰይድ አሁን ልደታ ኮንዶሚኒየም ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። አባቴ ያንን ምዕራፍ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ሲጨርስ መጽሐፉን ዘጋው።

«ጋሽ ሰይድ፣ ያን ሁሉ የቻሉት ለዚች ብለው ነው?»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ልክ እንደዚያ ረቡዕ።

«ልቦለድ አይደል እንዴ፣ ጋሽ መኮንን? ፈጥራው ነው። እኔ ነኝ ያጎረስኳት።»

ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ተረስቶኛል፤ የስንቱን ተረት መጨረሻ እንኳ አላስታውስም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ጋሽ ሰይድ ግን ዛሬም አባቴ እንዳይገርፈኝ ይጠብቁኛል።