ኦሪጂናል ቸርኬ

ልጅ እያለሁ ቤታችንን ያኳረፈው ፖለቲካ አልነበረም፣ ሃይማኖትም አልነበረም። «ኦሪጂናል» የሚል ቃል ነበር። ዛሬም ይህን ቃል ስሰማ ጥርሴን ያንገጫግጨኛል። አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች ደግሞ ሌላ ቃል የሚያውቁ አይመስሉም።

ከአገር ወጥተን ብሩክሊን ሴንተር ነበር የምንኖረው። ሁለት ሺዎቹ ገና ሲገቡ ታላቅ ወንድሜ ናቲ የስልሳዎቹን መጨረሻ ዶጅ ቻርጀር የተባለች መኪና ገዛ። እማዬ ለሰው ሁሉ «ልጄ ቻርጀር ገዛ» ስትል የስልክ እየመሰላቸው «ጎሽ፣ ያስፈልጋል» ይሏት ነበር። ኮፈኗ ከአልጋዬ የሚረዝም፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ስትነሳ የጎረቤት ውሻ የምታስለቅስ መኪና ናት። ናቲ ከሥራ መልስ ጋራዥ ውስጥ ሲፍቃት፣ ሲበይዳት፣ ሲቀባት ኖረ። ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ስወርድ የቀለምና የቤንዚን ሽታ ገና ከመንገዱ ጫፍ ይቀበለኝ ነበር። ለእኔ የመስከረም ሽታ እስካሁን እሱ ነው።

የናቲ ሕልም አንድ ነበር። በሠርጉ ቀን እጮኛውን ሳምራዊትን ከአባቷ ቤት የሚወስዳት በዚህች መኪና ነው፤ መኪናዋም ከፋብሪካ እንደወጣችበት ቀን መሆን አለባት። ስለዚህ አባዬ እራት ላይ «ለሠርጉ ምን ይጎድላታል?» ብሎ ሲጠይቀው «ኦሪጂናል ቸርኬ ካላት ሌላ ምን ያስፈልጋታል?» አለው። አላት ማለቱ ነበር። አባዬ የሰማው ግን እንደሌላት ነው።

አልፈርድበትም። መርካቶ ዕቃ ለገዛ ሰው ኦሪጂናል ማለት ፎርጅድ ያልሆነ ማለት እንጂ የድሮ ማለት አይደለም። የናቲ ቸርኬዎች ደግሞ ምንም ጌጥ የሌላቸው ጥቁር ብረቶች ነበሩ። ለአባዬ ዓይን የታክሲ ቸርኬ ናቸው። የሳምራዊት አባት ጋሽ በቀለ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ ያረጁ ሰው ነበሩ፤ አባዬ እሳቸው ፊት በባዶ ብረት መቅረብን ከሞት ለይቶ አያየውም። «ሰው በጫማው፣ መኪና በጎማው ይታያል» ይል ነበር፤ አባባሉን ከየት እንዳመጣው አላውቅም።

እናም ናቲ ሥራ በሄደበት ቀን መኪናዋን ፍሮግታውን ወደሚባል ሰፈር ወሰዳትና ስፒነር አስገጠመላት። ዘመኑን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ መኪናው ከቆመ በኋላ እሱ መዞሩን የሚቀጥል፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ቸርኬ ነው። ከትልቅነቱ የተነሳ መሪው ጥግ ድረስ ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን እየፋቀ ይጮኻል። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ግቢያችን ተሰለፉ። በጣታችን እየመታን የማን ረጅም ይዞራል ስንል ነው ናቲ የመጣው።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ኦሪጂናል ነዋ።»

«ይሄ ኦሪጂናል አይደለም!»

«ሰውዬው በእናቱ ምሎልኛል።»

«ሪተርን አድርገው።»

«የአባት ስጦታ ነው ሪተርን የሚደረገው?» አለ አባዬ፤ ገብቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የእኔ መከራ ነው። ሁለቱ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው በእኔ በኩል ይነጋገሩ ጀመር። ናቲ በእንግሊዝኛ «ንገሪው» ይለኛል፣ አባዬ በአማርኛ «በይው» ይለኛል። ሁለቱም ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማሉ። ናቲ ቸርኬዎቹን ሊያወልቅ ክሪክ ሲያነሳ እማዬ በሩ ላይ ቆመች። «አውልቃቸው። ቅዳሜ ግን የምትስመው የዚህን ሰው ጉልበት ነው። ተኳርፈህ የሳምከው ጉልበት አይመርቅህም» አለችው። ክሪኩን መልሶ አስቀመጠ። አልታረቀም፣ አላወለቀም። አባዬም በመኪናዋ እንደማይሄድ በእኔ በኩል አስታወቀ።

ቅዳሜ ጋሽ በቀለ ቤት፣ ሴንት ፖል። ሽቶው፣ የታጨደው ሣር፣ እልልታው። ሙሽሮቹ ደጅ ወጥተው ቆሙ፤ ሚዜው መኪናዋን ከመንገዱ ጫፍ አምጥቶ ፊታቸው አቆማት። ቸርኬዎቹ ይዞራሉ። ሚዜው በሩን ሊከፍት ሲል ጋሽ በቀለ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። ማንም እንዳይገባ።»

«ቆማለች እኮ ጋሼ» አለ ሚዜው።

«ጎማው እየዞረ ቆማለች ትለኛለህ? ልጄን ፍሬን በሌለው መኪና አልሰጥም።»

እንዲህ ብለው ወደ አበባው መደብ ሄዱ። ካባቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው ከዳር አንድ ድንጋይ ነቀሉና፣ እንደ ዱሮ ረዳታቸው በርከክ ብለው ለኋላ ጎማ ታኮ አደረጉ። ድንጋዩ ቆሟል፣ መኪናዋ ቆማለች፣ ቸርኬው ይዞራል። ጋሽ በቀለ በርከክ እንዳሉ አንገታቸውን ጠመም አድርገው አዩት።

«ማነው ይሄን የገጠመው?»

አባዬን አየሁት። ከሰዎቹ ኋላ ቆሞ የክራባቱን ቋጠሮ ይዟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። የፈራው ንቀት ነበር፣ ይኸው በገዛ ስጦታው መጣበት። ናቲም ዞር ብሎ አየው። ሳምንቱን ሙሉ ያላየውን ሰው አየና ወደ አማቱ ተመለሰ።

«እኔ ነኝ አባባ» አለ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። «ኦሪጂናል ነው።»

ጋሽ በቀለ ጉልበታቸውን እያራገፉ ተነሡ። «ኦሪጂናሉ እንዲህ ካበደ፣ ፎርጅዱ ምን ሊያደርግ ነው?»

መጀመሪያ የሳቀው አባዬ ነበር። ቸርኬው እስኪቆም ሁላችንም ጠበቅን፤ ድንጋዩ ተነሣ፤ ያን የሚያህል ቬሎ በሁለት በር መኪና ውስጥ ለማስገባት ሌላ ትግል ተጀመረ። ከሰዓት በኋላ ናቲ ጉልበቱን ሲስመው አባዬ ምርቃቱን አስረዘመው።

አሁን ናቲ ፕሊማውዝ ይኖራል። ጥቁሮቹ ቸርኬዎች ቤዝመንት ውስጥ በዘይት ተወልውለው ተቀምጠዋል፤ መኪናዋ ላይ ያሉት ግን ስፒነሮቹ ናቸው። ባለፈው ሰመር አሮጌ መኪኖች የሚታዩበት ሜዳ ወስዷት፣ አባዬ አጠገቧ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ነጭ ጢም ያለው ሰው መጣ። እንዲህ ያለች መኪና በእንዲህ ያለ ቸርኬ መበላሸቷ እንዴት እንደሚያሳዝን ነገረኝ። ጉልበቱን በብረት ማስቀየሩንም እዚያው ነገረኝ፤ በዚያ ጉልበት ቆሞ ነው ስለ ኦሪጂናል የሚያስተምረኝ። ከዚህ ላይ ስለ ስደት ምሳሌ የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ፣ የማወራው ስለ ቸርኬ ነው።

የአባዬ ጆሮ ደክሟል። «ምን አለ?» አለኝ።

ያኔም ቃል አመላላሽ ነበርኩ፤ ዕድገት አላገኘሁም። «ኦሪጂናል ናት ወይ አለ» አልኩት።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ናት በይው እንጂ።»

አልኩት። አባዬ በከዘራው ጫፍ ቸርኬውን መታ አደረገው። ያኔ በልጅ ጣት ተመትቶ እልልታ እስኪያልቅ የሚዞረው፣ አሁን ኩሽኔታው አልቆ እያቃሰተ ትንሽ ዞሮ ቆመ። አባዬ ወንበሩን ጠጋ አደረገና እንደገና መታው።