ከአንኮበር እስከ መዘዞ በኮሚቴ

አባቴ የጠየቁኝ ነገር ቀላል ነበር። የእናቴ ሙት ዓመት በወጣ ማግስት፣ ደብረ ብርሃን ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ ከአንኮበር እስከ መዘዞ አንድ ጊዜ በእግሬ ልሂድ፣ አንተም አብረኸኝ ሂድ አሉኝ። በሙሽርነቷ ከአንኮበር ሲያመጧት እሷ በበቅሎ፣ እሳቸው በእግር፣ የገደሉን አፋፍ ይዘው በጣርማ በር በኩል አራት ቀን ተጉዘው ነው መዘዞ የገቡት። ያንን መንገድ ጉልበታቸው ሳይከዳቸው መድገም አማራቸው። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

ሌላ ልጅ ቢሆን ጫማውን አጥልቆ ይነሳ ነበር። እኔ ግን የመሥሪያ ቤታችን የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። ያለ ዕቅድ ሽንት ቤት እንኳ ሄጄ አላውቅም። ስለዚህ ኮሚቴ አቋቋምኩ።

ሦስት ነበርን። ሰብሳቢው እኔ። ጸሐፊው ጎረቤቴና የሥራ ባልደረባዬ፣ የሰፈራችን እድርም ጸሐፊ የሆነ፣ ማኅተም ሲያይ ዓይኑ የሚበራ ሰው። ሦስተኛው ከአዲስ አበባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ተራራ መውጣትን ከስልኩ ላይ የተማረ መምህር። ይህ መምህር ፈረንጆች ቁም ሣጥን የሚያህል ቦርሳ አዝለው በረዶ ላይ ሲሄዱ የሚያሳይ ቪዲዮ ካሳየን ወዲያ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው ለእኛ ነው። የአንኮበር ገበሬ በበረባሶ፣ እህሉን ተሸክሞ፣ ጠዋት ወርዶ ማታ የሚወጣውን ዳገት፣ እኛ ስለ አየሩ መሳሳት ሁለት ስብሰባ ተቀመጥንበት።

የመጀመሪያው ስብሰባ መስከረም ላይ በእኛው ሳሎን ነበር። መተዳደሪያ ደንብ አረቀቅን፤ አሥራ ሁለት አንቀጽ። በተለይ አንቀጽ ሰባት የእኔ የእጅ ሥራ ነበር። «ማንኛውም የእግር፣ የልብ ወይም የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው በጉዞው አይሳተፍም» ይላል። ሳነበው ጸሐፊው አንገቱን ሦስት ጊዜ ነቀነቀልኝ። አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ ተነሥተው፣ ከወትሮው ይልቅ ቀጥ ብለው፣ ወደ ጓዳ ገቡ። ሽማግሌው ገና ብርቱ ናቸው ብዬ ደስ አለኝ።

ጥቅምት በቦርሳ ክርክር አለቀ። ኅዳር በምግብ። አባቴ በሶ አለ፣ ቆሎ አለ፣ ምን ያስጨንቃችኋል ቢሉ፣ መምህሩ በሶን የሚያክል ነገር ሚዛን ላይ አውጥቶ ይመዝን ጀመር። ጉዞው ጥር ላይ ይሁን አልን፤ ጥር ላይ ጸሐፊው ሦስት ሠርግ ነበረበት። ወደ የካቲት ገፋነው፤ ሁዳዴ ገባ፤ የምግብ ንዑስ ኮሚቴው ያዘጋጀው ደግሞ ቋንጣና የዱቄት ወተት ነበር። ለካ ይህን ሁሉ ሠንጠረዥ ስናሰምር ጾም መቼ እንደሚገባ ያየ ሰው አልነበረም! ከፋሲካ በኋላ አልን። ከፋሲካ በኋላ የበጀት መዝጊያ መጣ። ከዚያ ክረምት ገባ፤ በክረምት ያንን ገደል ማን ይደፍረዋል? ጭጋጉ የያዙትን ዱላ እንኳ አያሳይም። ዞሮ ዞሮ መስከረም ደረሰ። ዕቅዱ ግን ሰብቶ አርባ ገጽ ሞልቶ ነበር።

አባቴ ይህን ሁሉ ጊዜ ደጃፍ ቆመው ለአላፊ አግዳሚው ከልጃቸው ጋር መዘዞ በእግር ሊሄዱ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። መጀመሪያ በዚህ ወር ይሉ ነበር፤ በኋላ ከበዓሉ በኋላ፤ በመጨረሻ ኮሚቴው ሲወስን። አንድ ቀን ብቻ ስብሰባችን መሐል ብቅ ብለው፣ «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ብለውን ወጡ። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ፣ ጠቃሚ አስተያየት ተሰጥቷል ብዬ አስመዘገብኩት።

የቀረን ድንኳን ነበር። ለተራራ የሚሆን ትንሽ ድንኳን ከተማው ውስጥ ፈልገን አጣን። በዚህ ጊዜ ጸሐፊው መፍትሔ አመጣ፤ የእድሩ ትንሿ ድንኳን። ትንሿ ያላት ከትልቋ ጋር አወዳድሮ ነው እንጂ ምሰሶዋን ብቻ አራት ሰው ነው የሚያነሣው። ማን ይሸከማታል ስንለው፣ በቅሎ የሚከራይ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም አለ። ተስማማን። ከጉዞው በፊት ግን አተካከሉን እንልመድ ብለን፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እኛ ደጃፍ ላይ ዘረጋናት።

እስቲ ይታያችሁ፤ ሦስት የተማርን ሰዎች ነን። እዚህ አገር የእድር ድንኳን ደጃፍ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የሰፈሩ ውሻ እንኳ ያውቃል። ወቅቱ የሠርግ አይደለም። አባቴ ደግሞ ያን ሳምንት ጉንፋን ጥሏቸው ደጃፍ አልታዩም። ጎረቤቱ ደምሮ ቀነሰና የሚያገኘውን አገኘ።

ካስማ መትተን ሳንጨርስ ሁለት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጡ። ከድንኳን ጋር ወንበር ያስፈልጋል ብለው ያሰቡልን መስሎኝ አመሰገንኳቸው። ቀጥሎ አንድ አዛውንት መጥተው አንገቴን አቅፈው፣ እግዜር ያጽናህ እያሉ ያለቅሱ ጀመር። ያኔ ገባኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ሌላው ያቅፈኛል፣ ስላቀቅ ሌላው ይይዘኛል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገብተዋል፤ ንፍሮ በሰፌድ መጥቷል። ጸሐፊያችን ልማድ ሆኖበት መዝገቡን አውጥቶ ከለቅሶ የቀረ አባል ይመዘግባል። ቀና ብሎ ሲያየኝ ነው የደነገጠው።

ከማዶ ያሉት ጎረቤታችን ሙሾ በማውረድ የታወቁ ናቸው። እሳቸው መሐል ቆመው ደረታቸውን መታ መታ አድርገው አወረዱት፦

«እግሩ ሳይደክምበት መንገድ አማረው፣
ልጁ በስብሰባ ነገ ነገ አለው።»

ሕዝቡ ተቀብሎ አለቀሰ። እኔ የድንኳኑን ገመድ እንደያዝኩ ቀረሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰውየው አልሞቱም ብሎ መጮህ ነበር የሚገባኝ፤ ግን ግጥሙ እውነት ነበር።

አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከበሩ ብቅ አሉ። ጫጫታው ከእንቅልፍ ቀስቅሷቸው ነው። አንዲት ሴት ኡኡ ብላ ወንበር ገልብጣ ወጣች፤ የቀረው ሰው ግን ባለበት ደርቆ ቀረ። ጸሐፊው ተንተባትቦ፣ ድንኳኑ ለልምምድ እንደሆነ አስረዳ። አልቃሿ ጎረቤታችን በእፍረት አባቴ እግር ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም።

«ይቅርታ አያስፈልግም» አሏቸው አባቴ። «እኔ ዓመት ሙሉ ልነግረው ያቃተኝን ነው የነገሩልኝ።»

ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ወንበር ስበው ተቀመጡና የራሳቸውን ለቅሶ ንፍሮ ቆረጠሙ። ሰዉም አብሮ በላ።

ኮሚቴው ያን ዕለት አልተበተነም፣ ቃለ ጉባኤም አልተያዘ። ጉንፋኑ ለቀቅ ስላደረጋቸው፣ ሰኞ ጠዋት አባቴና እኔ ብቻ የአንኮበር ሚኒባስ ተሳፈርን። ወር ሙሉ ተከራክረን የገዛነው ቁም ሣጥን የሚያህል ቦርሳ ቤት ቀረ። በሶ፣ ቆሎ፣ ሁለት ጋቢ፣ ሁለት ዱላ፤ አለቀ። ከአንኮበር በእግር ተነሣን። ሲመሽብን አባቴ አንድ ደጅ ቆመው፣ «ቤቶች! የመሸብን እንግዶች ነን» አሉ። በሩ ተከፈተ፣ እግራችን ታጠበ፣ ራት በላን፣ ምድጃ ዳር አስተኙን። በአርባ ገጽ ዕቅዴ ውስጥ ስለ ማደሪያ ስድስት ገጽ ጽፌ ነበር፤ በር ማንኳኳት የሚባል ነገር ግን አልነበረበትም። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ አለፈ። አባቴ ቀስ እያሉ ነው የሚሄዱት፤ መልክዓ ምድሩን የሚያዩ መስሎኝ አላቻኮልኳቸውም።

በሦስተኛው ቀን ጣርማ በር ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቆይተውም አልተነሡም። የግራ ሱሪያቸውን ስሰበስበው ጉልበታቸው የዳቦ ሊጥ መስሎ አብጧል፤ ዙሪያውን በጨርቅ ጠምጥመውታል። ጨርቁ አዲስ አልነበረም፤ ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል።

«መቼ ነው የጀመረዎት?» አልኳቸው።

ቆይቷል አሉኝ። አልተውኳቸውም። ወደ መዘዞ በኩል እያዩ ነው የነገሩኝ።

«አምና ደንቡን ስታነቡ ጀማምሮኝ ነበር። ያኔ እንደ ምንም መዘዞ ያደርሰኝ ነበር። ግን ያቺ ሰባተኛዋ ታስቀረኛለች ብዬ ዝም አልኩ።»

እዚያው ንፋሱ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ። እናትህም እዚህ ደክሟት ከበቅሎ ወርዳ አርፋለች፣ አይዞህ አሉኝ። ማጽናናቱ እንኳ ለእሳቸው ቀረ።

ከጣርማ በር መዘዞ የገባነው በጭነት መኪና ጋቢና ነው። አባቴ በመስኮቱ እያዩ፣ እዚህ ውሃ ጠጣች፣ እዚህ በቅሎዋ ደነበረች፣ እያሉ የቀረውን መንገድ ነገሩኝ። መኪናው ይሮጣል፤ አንዱን ቦታ ሳይጨርሱ ሌላው ያልፋቸዋል።

ስመለስ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ቢሮዬ መጣ። ፋይሉን ለመዝጋት የጉዞውን ውጤት በአጭሩ ንገረኝ አለኝ።

አንቀጽ ሰባት ተከብሯል ብለህ ጻፍ አልኩት።